«እስቲ ንገረን»

የእህቴ ባል እንዴት እንደሞተ እዚህ አልጽፍም። አውቀዋለሁ፤ ልስማው ሳልል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን በቦታው የነበረው ያኔ 12 ዓመት የሆነው ወንድ ልጁ ነው፤ ወሬው የእሱ ነው። አድጎ ልናገር ካለ ይናገራል፣ ካላለም ይቀራል። እኔ የምጽፈው ከሞቱ በኋላ ቤቴ ውስጥ ስለሆነውና ለልጁ፣ ለእህቱና ለእናታቸው የሚረዳ ሰው ፍለጋ ስለተንከራተትነው ነው። ተንከራትተን አገኘን። አብዛኛው ሰው ግን ሳያገኝ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የምጽፈውም ለዚያ ሰው ነው።

አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። እህቴ ያገባችው ኮምቦልቻ ነው። እኛ ክርስቲያኖች ነን፣ ባሏ ሙስሊም ነበር፤ ወሎ ነውና ጉዳዬ ብሎ ያነሳው ሰው አልነበረም። አይሱዙ ይነዳ ነበር። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሊገባደድ ሲል የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ሕዝቡም በመኪናም በእግርም ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ጎረፈ። እህቴ ልጁንና የ6 ዓመት ሴት ልጇን ይዛ አንድ ማለዳ በሬን አንኳኳች። በእጇ የነበረው አንድ ፌስታል ነው፤ ውስጡ የልጆቹ የክትባት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀትና ትንሽ በሶ። ከተሞቹ ኅዳር 27 ቀን ተመልሰው በመንግሥት እጅ ገቡ፤ የእሷ ቤት ግን ተዘርፎ የቀረው ግድግዳው ብቻ ስለነበር የምትመለስበት አልነበራትም።

እንግዶች መጡ። በእኛ ደንብ ከመከራ የተረፈ ሰው ብቻውን አይተውም። ስኳር የያዘ፣ ዳቦ የያዘ፣ የተጣጠፈ ብር እህቴ መዳፍ ውስጥ ወሽቆ የሚሄድ፣ ጎረቤቱ፣ የዕድር አባሉ፣ የሥራ ባልደረባው ሁሉ ቤቴን ሞላው። «እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈ» ይላሉ፤ ቡና ይጠጣሉ፤ እህቴን «እግዜር ያጽናሽ» ይሏታል። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ልጁ ያዞራሉ። «እስቲ ንገረን ጎበዝ፣ እንዴት አመለጣችሁ? አንተ ነህ አሉ አባትህን ያየኸው?» ልጁም ይናገራል። መጀመሪያ ሰሞን እየተንተባተበ፣ ዝም እያለ፣ የእናቱን ፊት እያየ ነበር የሚያወራው። እየቆየ ግን በቃሉ ያጠናውን እንደሚወጣ ተማሪ፣ አንድ ቃል ሳይለውጥ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ ግድግዳ እያየ ማውረድ ጀመረ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ እሱ አያለቅስም። «እንዴት ያለ ጠንካራ ልጅ ነው!» ተብሎ ይመረቃል። ሰው ሁሉ ሲወጣ ሽንት ቤት ገብቶ ያስመልሰዋል። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ሆዱን ለምን እንደሚይዝ የገባን ቆይቶ ነው።

የተናገረ ይቀለዋል የምንለው ውሸት አይደለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አዋቂ ሐዘንተኛ በራሱ ጊዜ ስለ ሟቹ አንስቶ ሲያወራ እፎይ ሲል አይቻለሁ። ይህ ልጅ ግን የሚያወራው በሌላ ሰው ጥያቄ፣ ሌላ ሰው በፈለገው ሰዓት ነው። ኋላ ያገኘናት የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዳስረዳችኝ ነገሩ የእኛ ወግ ብቻ አይደለም። ውጭ አገርም አደጋ በደረሰ ማግስት የተረፉትን ሰብስቦ ያዩትን በአንድ ጊዜ ማስተረክ እንደ ሕክምና ይሠራበት ነበር። ሲጠና ጥቅም አልተገኘበትም፤ አንዳንዱን ሰው እንዲያውም ሊጎዳ እንደሚችል ታይቶ የዓለም ጤና ድርጅት አታድርጉት ይላል። በምትኩ የሚመከረው ያስቃል፣ በጣም ተራ ስለሆነ፦ የተቸገረውን አይቶ የጎደለውን ማሟላት፣ ሊናገር ከፈለገ መስማት፣ የበለጠ ከሚረዳው ጋር ማገናኘት። ስኳርና ዳቦ ይዘው የመጡት እንግዶች ግማሹን ሥራ በትክክል ሠርተውት ነበር ማለት ነው።

ቤቴ ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ነው። ባለቤቴ፣ ያኔ 10ኛ ክፍል የነበረችው ልጄ፣ እኔ፤ በዚያ ላይ ሦስት ሰው። ልጁ ሌሊት ፍራሽ ላይ መሽናት ጀመረ። 12 ዓመቱ ነው፣ ያፍራል። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ አንሶላውን ደብቆ ሊያጥብ ሲነሳ ጄሪካኑ ባዶ ነው፤ ሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። እኔ ትምህርት ቤት ስላስገባሁት በተደባደበ ቁጥር የሚጠሩኝ እኔን ነው። እህቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ ቡና ማፍላት ተወች፣ ለእኛ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኑዛዜ ከሆነ አይቀር ይህንንም ልናዘዝ፦ አንድ ሌሊት ፍራሹን ወደ ውጭ እየጎተትኩ «ምነው ሌላ ዘመድ ጋ በሄዱ» ብያለሁ። በልቤ አይደለም፣ በአፌ ነው ያልኩት። ዘመድ ያስጠጉ ሰዎች ስለዚህ ዓይነቱ ድካም ሲያወሩ አልሰማም፤ እናውቀዋለን ግን።

ትንሿ ልጅ አትደባደብም፣ አትታመምም፤ ትጫወታለች። ጨዋታዋ አንድ ብቻ ነው። የልጄን ደብተር፣ አንድ አሻንጉሊት፣ ሁለት ማንኪያ ፌስታል ውስጥ ትከታለች። «ቶሎ ቶሎ! ውጡ ውጡ!» ትላለች። ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ ትሮጣለች፤ ከዚያ ተመልሳ ከመጀመሪያው። ልጄ አንጀቷን በልታት «በቃ ደረስን፣ እዚህ እንደር» ስትላት ጮኸችባት፤ ፌስታሉንም ነጠቀቻት።

መጀመሪያ ሐኪም ቤት የሄድነው ለራስ ምታትና ለሆድ ቁርጠት ነው። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «ምን ሆኖ ነው?» ስትለኝ ከኋላዬ ሰልፍ አለ፤ የተማሪዎቼ ወላጆችም አሉበት። «ራሱን ያመዋል» አልኩ። አልዋሸሁም፣ ያመው ነበር። ደም ሰጠ፤ እንደ አገራችን ልማድ ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘበት፤ መድኃኒቱን ወስዶ ጨረሰ፤ ምንም አልተለወጠም። (ተመርምሮ ታይፎይድ ያልተገኘበት ኢትዮጵያዊ እስካሁን አላጋጠመኝም።) ቀጥሎ ተበድረን አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል እንቅልፍ የሚያመጣ ክኒን ጻፈለት። ልጁ ተኛ፤ ቀንም ክፍል ውስጥ ተኛ፤ ክኒኑ ሲያልቅ ያው ነው። ከአደጋና ከሐዘን ማግስት ለሚመጣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት የዳያዜፓም ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ለልጅም ለአዋቂም እንዳይሰጡ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክር ያወቅኩት ገንዘባችንን ከከፈልን በኋላ ነው።

እህቴ ጠበል ልውሰደው አለች። አያቱ ደግሞ ከኮምቦልቻ እየደወለች ሸኾቹ ዱአ እያደረጉለት መሆኑን ትነግረናለች። አንዱንም አልተቃወምኩም። ጠበሉ ቦታ እህቴ ከሰሜን ወሎ ተፈናቅለው የመጡ እናቶች አገኘች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የሰው ወሬ ይዛ ቤት ገባች፤ ይህን ያደረገላት ሌላ ማንም አልነበረም። እኔን የሚያናድደኝ አንዳንድ ቦታ የሚነገረው «ጠበል የያዘ መድኃኒት አይነካም» የሚል ትእዛዝ ነው። ሁለቱ የግድ አይጣሉም። እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ አጥማቂዎችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ሕሙማን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም የሚወስዱበትን መንገድ አሳይተዋል፤ በጥናትም ታትሟል። አንድ እናት ልጇን ከሁለቱ አንዱን አስመርጣ እንድትወስድ የሚያስገድዳት ሰው፣ ካህንም ይሁን ሐኪም፣ ልጁን አይደለም የሚያስበው።

በሩን የከፈተችልን አብራኝ የምታስተምር ትልቅ ሴት ናት። በእረፍት ሰዓት ልጁን ከድብድብ ስገላግል አይታ ሻይ ልጋብዝሽ አለችኝ። ወንድሟ ከባድመ ጦርነት ከተመለሰ በኋላ ቤተሰቡ ለዓመታት ያየውን ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችኝ። «ሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ የአእምሮ ጤና የሚያይ ነርስ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ» አለችኝ። አለ። ልጄን ያስከተብኩበት ግቢ ውስጥ፣ ለዓመታት ባለፍኩበት ኮሪደር መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ጤና ሚኒስቴር በየጤና ጣቢያው ያሉ ባለሙያዎችን በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ማሠልጠን ከጀመረ ቆይቷል። ሁሉም ጋ አልደረሰም፣ የሠለጠነውም ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፤ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ቅርብ ነው። ሌላ አማራጭም ያለ አይመስለኝም፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተማረው ሁሉ ውጭ ሄዶ ነው የተማረው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር ሐኪሙ በምን ተዓምር ይዳረሳል?

ነርሱ ወጣት ነው። ልጁን «ወንድሜ» እያለ ነበር የሚያወራው። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሽንቱ ጠየቀው፤ ስለ አባቱ አልጠየቀውም። ለእኔ ለብቻዬ ያለኝ ይህን ነው፦ «ጦርነት ያየ ሁሉ አይታመምም። መጀመሪያዎቹን ሳምንታት መደንገጥ፣ መቃዠት፣ መነጫነጭ የጤነኛ ሰው ነገር ነው፤ አብዛኛው ሰው ሰላም ሲያገኝ፣ ዘመድ አጠገቡ ሲሆን እየተወው ይሄዳል። ወር አልፎት ካልቀነሰ፣ ትምህርቱንና እንቅልፉን ካበላሸው ግን አይጠበቅም።» ልጁ ወሩን ካለፈ ብዙ ቆይቶ ነበር። ነርሱ ያለው እውነት መሆኑን ክፍሌ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ በዚያ ዓመት ከወሎ የመጡ ሌሎች ልጆችም ነበሩኝ፣ ዳቦና ደብተር ሲያገኙ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ሲውሉ ከዓይኔ ሥር ያገገሙ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት በግጭት አካባቢ ከሚኖሩ 5 ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት። አራቱ የለባቸውም ማለት ነው፤ ጥያቄው አንዱን መለየት ላይ ነው። ደግሞም ብዙዎቹ የአእምሮ ሕመሞች የሚጀምሩት በልጅነትና በወጣትነት ዕድሜ ነው፤ «ሲያድግ ይተወዋል» ለሚሉ ሁሉ ነርሱ ይህንን ነው የሚነግራቸው።

ሪፈር ጻፈልን። ልጁ ወረቀቱ ላይ አማኑኤል የሚል ሲያይ አሻፈረኝ አለ። «እብድ አይደለሁም!» አዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ የሰፈር ልጆች ግን የሆስፒታሉን ስም ለስድብ እንደሚጠቀሙበት ቀድሞ ተምሯል። ከጣልያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ያለ፣ ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ስንቱን የተሸከመ ቤት ነው፤ የሰጠነው ምላሽ ስድብ ማድረግ ነው። ልጁን በዚያ ሰዓት ስለዚህ መከራከር አልፈለግኩም። ነርሱ ሳይቆጣ ወረቀቱን ቀይሮ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው አጠቃላይ ሆስፒታል ላከን። እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ፤ የእህቴ የጤና መድን ደብተር የኮምቦልቻ ስለሆነ አይሠራም፤ የነጻ ሕክምና ወረቀት እንዳይጻፍላት የወረዳ መታወቂያ የላትም፤ መታወቂያ እንዳይሰጣት መሸኛ የላትም፤ መሸኛውን የሚጽፈው ቢሮ ተዘርፏል። ባለቤቴ ከሥራ እየቀረ ወረዳ ተመላለሰ። በመጨረሻ የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ደብዳቤ ጻፈችልን። ማኅበራዊ ሠራተኛ የሚባል ባለሙያ መኖሩን፣ ሥራውም እንዲህ ያለውን ቋጠሮ መፍታት መሆኑን የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ መጀመሪያ ቀን ልጁን ስትጠይቀው ሰማሁ፦ «ማነው የሚቀሰቅስህ? ምን ሥራ ትወዳለህ?» መኪና አለ። ሞተሩን በድምፁ እለያለሁ አለ። መንገድ ላይ የሚያልፈውን እያዳመጠ ነገራት፤ ሳቀች፤ እሱም ፈገግ አለ። ከዚያ በዚያው ድምፅ «መሞት ያምርሃል? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» አለችው። ደነገጥኩ፤ ምን ታስታውሰዋለች ብዬ። ልጁ መሬት እያየ «አንዳንዴ፣ ከአባዬ ጋር በሆንኩ እላለሁ» አለ። ሲወጣ አስረዳችኝ፤ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም፣ ብቻውን ተሸክሞት ከነበረ ያሳርፈዋል። እቤት በረኪናውን፣ የአይጥ መርዙን፣ ክኒኑን ሁሉ ቆልፉ፤ ብቻውን አታቆዩት፤ ከባሰበት ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል አምጡት አለችኝ። እኔ ቤት ውስጥ ስለ አንሶላ ስነጫነጭ እሱ የሚያስበው ይህን ነበር።

ሕክምናው ከጠበቅኩት ሌላ ሆነ። «ተናገርና ይውጣልህ» የሚል ነገር የለውም። ብዙ ቀጠሮ ያለፈው በትንፋሽ ነው፤ በዝግታ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም በዝግታ ወደ ውጭ፣ ሲደነግጥ ክፍሉ ውስጥ የሚያያቸውን ነገሮች እየጠራ። ድንጋጤው ሰውነቱ ሊጠብቀው የሚያደርገው ሥራ መሆኑን ሥዕል ስላ አስረዳችው። ስለ ሽንቱ ደግሞ ለእኛ ለአዋቂዎቹ ነገረችን፤ መጀመሪያ የኩላሊትና የሽንት ምርመራ ይደረግለት፣ አይሰደብ፣ አይቀጣ፣ ያልሸናበት ቀን ይመስገን። ታሪኩን የጀመሩት ወራት ካለፉ በኋላ ነው፤ እሱ በመረጠው ቀን፣ በመረጠው ቁራጭ፣ በደብተር እየጻፈ። እናቱ የገባችው ጽፎ ሲጨርስ፣ ራሱ ላንብብላት ሲል ነው። እኔ አልገባሁም፤ ደብተሩንም አላየሁትም። ይህ አሠራር ጁዲት ኮኸን፣ አንቶኒ ማናሪኖና ኤስተር ዴብሊንገር የተባሉ አሜሪካውያን ያዘጋጁት በትራውማ ላይ ያተኮረ የሕፃናትና የወጣቶች ሕክምና ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 25 ቀጠሮ ይወስዳል፣ አሳዳጊውም አብሮ ይታከማል። የእኛዋ ባለሙያ ሰልፉ ከበር ውጭ ስለሚጠብቃት በየሳምንቱ መሆን የነበረበትን በየሁለት ሳምንቱ፣ አንዳንዴም በወር አድርጋዋለች። ያም ሆኖ ሠራ።

አሳዳጊውም አብሮ ይታከማል ያልኩት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ትልቁ ፍልሚያ እዚያ ነበርና። እህቴ «እኔ ደህና ነኝ፣ ልጆቼን ብቻ አክሙልኝ» ብላ ድርቅ አለች። ስንት እናት ይህን ቃል ብላ ይሆን? ባለሙያዋ አልተቀበለቻትም። «አንቺ ሌሊት ቁጭ ብለሽ ካደርሽ እሱ እንዴት ይተኛል? የሚጠብቅሽ እኮ እሱ ነው» አለቻት። ነገሩ ልክ ነበር፤ ልጁ የሚነቃው ሶፋው ላይ እናቱ መኖሯን ለማየት ነው። እህቴ ሐኪም ዘንድ ቀርባ ለድብርት መድኃኒት ተጻፈላት። ክኒኑን ሹሮ ጣሳ ውስጥ ትደብቀው ነበር፤ አማቷ ልትጠይቃት ስትመጣ እንዳታየው። አማቷ አገኘችውና «እኔም ለደም ግፊት እውጣለሁ፣ ምን ይደበቃል» ብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ቡና እንደገና መፈላት የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ለእኔም ትእዛዝ ደርሶኛል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ማንንም ሳልይዝ ከቤት እንድወጣ። እንደ ቅንጦት ቆጥሬው ነበር። ወጥቼ ስመለስ ግን ፍራሹን የምጎትትበት እጅ ይለወጣል።

ትምህርት ቤታችን ደወሉ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ ሰፈሩን ያንቀጠቅጣል። ልጁ በተደወለ ቁጥር ዴስክ ሥር ይገባ ነበር፤ ልጆቹ ይስቃሉ፤ ድብድቡ ከዚያ ይነሳል። ባለሙያዋ መምህራኑን አነጋግሪ አለችኝ። የነገርኳቸው ታሪኩን አይደለም፤ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው፤ በር አጠገብ ይቀመጥ፣ ከኋላው መጥታችሁ አትንኩት፣ ልውጣ ሲል አስወጡት። አንዷ «ሌሎቹ ለምን ለእሱ ብቻ ይሉናል» ብላ አጉረመረመች፣ አደረገችው ግን። ደወሉን የፈታው ራሱ ልጁ ነው። ዘበኛውን «እኔ ልደውል» አለው። ሰዓቱን እሱ ሲያውቅ፣ ብረቱ በእሱ እጅ ሲሆን ድምፁ አላስደነገጠውም። አንድ መንፈቅ ሙሉ ደወለ። ከዚያ ሰለቸውና ተወው፤ ያን ቀን ባለሙያዋ በጣም ነው የተደሰተችው።

ትንሿ ሕክምና ላይ ብዙ አልቆየችም። ጨዋታውን አትከልክሏት፣ አጠገቧ ተቀመጡ፣ ጥድፊያው ሲያይል «የት ያርፉ ይሆን?» በሉና ለእሷ ተዉት ተባልን። ለረጅም ጊዜ አላረፉም። በኋላ አንድ ቀን የካርቶን ቤት ሠራች፤ በር አላት፣ በሩም ይቆለፋል። ፌስታሉን ውስጡ አስገብታ ሌላ ጨዋታ ሄደች።

አንድ የቀረ ነገር ነበር። አባታቸው በጥድፊያ ነበር የተቀበረው፤ ደንብ ያለው ለቅሶ አልተለቀሰለትም፣ ሰደቃው አልወጣም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ተፈርሞ መንገዱ ሲረጋጋ ቤተሰቡ ኮምቦልቻ ላይ ሰደቃ ሊያወጣ ተነሳ። ልጁን እንውሰደው አንውሰደው ብለን ተጨነቅን። ባለሙያዋ እሱን ጠይቁት አለች። እሄዳለሁ አለ፤ ጋቢና ከተቀመጥኩ። በየት እንደሚያልፍ፣ ምን ሊያይ እንደሚችል፣ ከባሰበት ለማን ምን እንደሚል ቀድማ አዘጋጀችው። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሲገቡ መሪውን ሳይሆን የሾፌሩን ፊት እያየ እንዳለፈ እህቴ ነገረችኝ። ኮምቦልቻ ላይ ከአጎቶቹ ጋር ወንዶቹ መካከል ቆሞ ዱአ አደረገ፤ ሽማግሌዎቹ ስለ አባቱ ደግነትና ስለ አይሱዙው ሲያወሩ አመሸ። አሟሟቱን ማንም አላነሳም። ልጁ ያለቀሰው እዚያ ነው። ሕክምናው ያለ ሰደቃው፣ ሰደቃው ያለ ሕክምናው እዚህ ያደርሰው ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አይመስለኝም።

አሁን 16 ዓመቱ ነው። እንቁጣጣሽ ማታ ርችት ሲተኮስ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ሙዚቃ ይሰማል፤ ፈተና ሲደርስ እንቅልፉ ይረበሻል። ከሰው ጋር መጣላት አልጠፋውም፤ ግን ወጣት ነው፣ ይህን ከምን እንደምመድበው አላውቅም። ይህን ጽሑፍ አንብቦታል፤ ሁለት ቦታ አሰርዞኛል።

ጦርነት፣ መፈናቀል ወይም ሌላ መከራ ያየ ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ወይም እንዲህ ያለ ቤት ልትጠይቁ ከሄዳችሁ፣ ልጁን ስለ ትምህርቱ ጠይቁት፣ ስለ ኳስ ጠይቁት፤ ያየውን ራሱ ካላነሳው አታንሱበት። መምህራን፣ ተማሪው ለምን እንደሚደነግጥ ለማወቅ ታሪኩን መስማት አያስፈልጋችሁም። ወር አልፎት ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ለመሞት ማሰቡን ከተናገረ ግን ወሩን አትጠብቁ፣ ያንኑ ቀን ይታይ። መስኮቱ ላይ ስትደርሱም እንደ እኔ «ራሱን ያመዋል» ብላችሁ አትለፉት። «የአእምሮ ጤና የሚያይ ባለሙያ አለ ወይ?» በሉ። የለም ካሏችሁ ሪፈር አጽፉ፤ ሆስፒታል ስትደርሱ ደግሞ ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ፈልጓት።